በስክሪን የተቀዳ የድረ ገጽ ቪዲዮ ድምፁ ሲሰነጠቅ፦ ምክንያቱን ለይቶ የማስተካከያ መመሪያ

ምስሉ ጥርት ብሎ ድምፁ የሚሻክር፣ የሚንጣጣ ወይም ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ቅጂ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወዲያው ማስተካከያ ፕሮግራም ፍለጋ ይገባል። እኛ ግን መጀመሪያ በደንብ አዳምጡ እንላለን። የተበላሸ ድምፅ ሁሉ በአንድ ምክንያት አልተበላሸም፤ ላንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ያብስበታል። ደግሞም አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው መቅጃው ከመጀመሩ በፊት ካለው አደረጃጀት ነው። ምክንያቱ ካልታወቀ የነገው ቅጂም እንደ ዛሬው ይበላሻል።

ጅማ ላይ ስክሪን የሚቀዳው ለብዙ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀጥታ የሚተላለፍ ትምህርት ቀድቶ ያስቀምጣል፤ ቤተሰብ የዘመድ ሠርግ ከፌስቡክ ላይቭ ይይዛል፤ ስለ ቡና ቅምሻ የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና በኋላ በፍላሽ ለሌላው እንዲደርስ ይቀዳል። መሣሪያው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ ክሮምና በነፃ የሚገኘው የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ኦቢኤስ ስቱዲዮ። መመሪያው በእነዚህ ላይ ቆሟል፤ በስልክ ለሚቀዱም ቦታ አለው።

ብልሽቱን በጆሮ መለየት

ሽቦ ያለው ኢርፎን ሰክታችሁ ቅጂውን ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈቱ። ቀጥሎ ያንኑ ፋይል በስልክ አጫውቱት። ስልክ ላይ ደህና ከሆነ የተበላሸው ቅጂው ሳይሆን የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ነው፤ እዚያው አቁሙ። በሁለቱም ላይ ከተበላሸ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ዋናውን ቪዲዮ በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ ከፍታችሁ አነጻጽሩ። ዋናውም የሚሰነጠቅ ከሆነ ጥፋቱ መጀመሪያ ከቀረጸው ሰው ዘንድ ነው፤ የእናንተን ሴቲንግ ብትነካኩ ለውጥ አይመጣም።

ዋናው ደህና ሆኖ ቅጂው ብቻ ከተበላሸ እንዲህ ለዩት። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይም ከበሮው ሲመታ ብቻ የሚሻክር ከሆነ ድምፁ ጣሪያ ነክቷል። በጮኸውም በዝግታውም ላይ እኩል ጠቅ ጠቅ የሚል፣ የሚንጣጣ ከሆነ ኮምፒውተሩ አልቻለም ወይም የመሣሪያዎቹ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) አልተስማማም። የወንዱ ድምፅ ጎርንኖ የዘገየ፣ ወይም ቀጥኖ የፈጠነ ከሆነ ሳምፕል ሬቱ በስህተት ተመዝግቧል። እንደ ሮቦት፣ በበርሜል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ከሆነ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተቀድቷል። እንደ ስልክ ጥሪ ደብዝዞ ‹ሰ› እና ‹ፈ› ካልተለዩ ብሉቱዝን ጠርጥሩ። መጀመሪያው ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻው ላይ ከተናጋሪው ከንፈር ጋር የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ብዛት፣ ጉዳይ ነው።

ድምፁ ጣሪያ ሲነካ

በዲጂታል ድምፅ ውስጥ 0 ዴሲቤል የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ የሚመዘገብበት ቁጥር ስለሌለ ከፍ ብሎ የመጣው የድምፅ ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጆሮ ሽክርታ ብሎ የሚሰማው ያንን ጠፍጣፋ ነው። የተቆረጠው አናት ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ በኋላ ቮልዩም መቀነስ ሽክርታውን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ደጋግመን የምናነሳው በብዛት የሚመጣልን ጥያቄ ‹ቀንሼውም ይሻክራል› የሚል ስለሆነ ነው።

ትልቁ ጥፋተኛ በክሮም ላይ የሚጫነው ድምፅ አጉሊ ኤክስቴንሽን ነው። የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ ደካማ በመሆኑ፣ በተለይ ክረምት ላይ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታው ምንም ስለማይሰማ፣ ሰው 300 ወይም 600 በመቶ የሚያጎላ ኤክስቴንሽን ይጭናል። ለማዳመጥ ይረዳ ይሆናል። መቅጃው የሚይዘው ግን ያንን የተጎላና የተቆረጠ ድምፅ ነው። ስለዚህ፦

1. ኤክስቴንሽኑን አጥፉት፤ ወይም ቢያንስ ወደ 100 በመቶ መልሱት።

2. በቪዲዮው ማጫወቻ ላይ ያለውን ቮልዩም 80 በመቶ አካባቢ አድርጉት። ለጆሯችሁ የሚበቃውን ያህል በዊንዶውሱ ዋና ቮልዩም ጨምሩ ወይም ቀንሱ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ኦቢኤስ ድምፁን የሚወስደው ዋናው ቮልዩም ከመድረሱ በፊት ስለሆነ ለጆሮ የምታደርጉት ለውጥ ቅጂው ውስጥ አይገባም።

3. ኦቢኤስ ላይ ‹ኦዲዮ ሚክሰር› የሚለውን ተመልከቱ። አረንጓዴው እስከ −20 ዴሲቤል፣ ቢጫው ከ−20 እስከ −9፣ ቀዩ ከ−9 እስከ 0 ነው። ንግግር ቢጫው ውስጥ መመላለስ አለበት። ሙዚቃ አልፎ አልፎ ቀዩን ጫፍ ቢነካ ችግር የለም፤ ነገር ግን ከ−6 እንዳያልፍ ከሥሩ ያለውን ማንሸራተቻ ወደ ግራ ሳቡ።

4. ‹ዴስክቶፕ ኦዲዮ› ላይ በቀኝ ጠቅ ብላችሁ ‹ፊልተርስ› ውስጥ ‹ሊሚተር› ጨምሩ፤ መነሻው −6 ዴሲቤል ላይ ይሁን። ድንገት ለሚመጣ ጭብጨባ ወይም እልልታ መከላከያ ነው። ከኦቢኤስ በፊት የተቆረጠን ድምፅ ግን አይጠግንም።

ሲጠራጠሩ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይላል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

አንዳንድ ላፕቶፕ የራሱን ‹ማሳመሪያ› ይዞ ይመጣል፦ ባስ የሚጨምር፣ ድምፁን የሚያመጣጥን፣ ሲኒማ የሚያስመስል። ይህም ከመቅጃው በፊት ገብቶ ድምፁን ያስጮኸዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ ‹ሳውንድ ሴቲንግስ› ገብታችሁ የምታዳምጡበትን መሣሪያ ስትጫኑ ‹ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ› የሚል ታገኛላችሁ፤ ‹ኦፍ› አድርጉት። የላፕቶፑ አምራች የራሱ የድምፅ ፕሮግራም ካለውም እዚያ ውስጥ ያለውን አጥፉ።

የሳምፕል ሬት አለመስማማት

ኮምፒውተር ድምፅን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ሁለቱ የተለመዱት ልኬቶች 44100 እና 48000 ናቸው። የመጀመሪያው ከሙዚቃ ሲዲ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው የቪዲዮ ነው። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ኦቢኤስ በሌላው፣ በዩኤስቢ የሚሰካው ኢርፎን ደግሞ በራሱ ሲሠራ በመካከል መቀየር ግድ ይሆናል። ይህ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ያልፋል፤ ድራይቨሩ (መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ደካማ ሲሆን ግን ጠቅ ጠቅታ ያመጣል። ሁሉንም 48000 ላይ ማድረግ ጭንቀቱን ያስቀራል።

1. ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን የድምፅ ማጉያ ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጉና ‹ሳውንድ ሴቲንግስ› ግቡ። ዊንዶውስ 11 ላይ እስከ ታች ወርዳችሁ ‹ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ›፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ‹ሳውንድ ኮንትሮል ፓነል› የሚለውን ክፈቱ።

2. ‹ፕሌይባክ› ውስጥ አረንጓዴ ምልክት ያለበትን መሣሪያ መርጣችሁ ‹ፕሮፐርቲስ›፣ ከዚያ ‹አድቫንስድ›። እዚያ 16 ቢት 48000 ኸርዝ የሚለውን ምረጡ። ከሥሩ ፕሮግራሞች መሣሪያውን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅዱ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ምልክቱን አንሱ።

3. ‹ሪከርዲንግ› በሚለው ገጽ ማይኩንም እንዲሁ 48000 አድርጉት።

4. በዚያው መስኮት ‹ኮሚዩኒኬሽንስ› የሚለው ገጽ ላይ የመጨረሻውን ‹ዱ ናቲንግ› ምረጡ። አለዚያ በቅጂ መሀል የቴሌግራም ጥሪ ሲመጣ ዊንዶውስ የሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ ይቀንሰዋል።

5. ኦቢኤስ ላይ ‹ሴቲንግስ›፣ ‹ኦዲዮ›፣ ‹ሳምፕል ሬት› 48። ከዚያ ክሮምንም ኦቢኤስንም ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ሳትዘጉ ብትቀጥሉ አሮጌው ልኬት ሊቆይ ይችላል።

ኢርፎን የምትሰኩ ከሆነ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ስኩት፤ መሀል ላይ መሰካትና መንቀል መሣሪያውን ያስቀይራል።

አንዱ ድምፅ ሁለቴ ሲቀዳ

የሮቦት ድምፅ ከሁሉም በቀላሉ የሚስተካከል ነው። ኦቢኤስ ከ28ኛው ቨርዥኑ ጀምሮ የአንድን ፕሮግራም ድምፅ ለይቶ መያዝ ይችላል። ሰው ይህንን ‹አፕሊኬሽን ኦዲዮ ካፕቸር› ለክሮም ይጨምርና ‹ዴስክቶፕ ኦዲዮ› የሚለውን ሳያጠፋ ይተዋል። ያኔ ያው ድምፅ በሁለት መንገድ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ይገባል። ሁለቱ ሲደራረቡ የድምፁ የተወሰነ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ቀሪው ይጎላል፤ በርሜል በርሜል የሚለው ከዚያ ነው። ማይኩ ክፍት ሆኖ የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ ሲሰማም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ኢኮ ነው።

ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቪዲዮውን አጫውቱና ሚክሰሩ ላይ ስንት መስመር አብሮ እንደሚዘል ቁጠሩ። አንድ ብቻ መሆን አለበት። የቀረውን ከጎኑ ያለውን የድምፅ ማጉያ ምልክት በመጫን ዝጉት። እኛ የምንመርጠው ‹ዴስክቶፕ ኦዲዮ›ን ዘግቶ የክሮሙን ብቻ መተው ነው፤ የቴሌግራም ‹ቲን› የሚለው ማሳወቂያ ቅጂው ውስጥ አይገባም። አሁንም ሮቦት ከሆነ ‹አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ› ውስጥ ‹ኦዲዮ ሞኒተሪንግ› በሁሉም መስመር ላይ ‹ኦፍ› መሆኑን እዩ።

የራሳችሁን ማብራሪያ እየተናገራችሁ የምትቀዱ ከሆነ ማይኩን መዝጋት አትችሉም። እንግዲያው በኢርፎን አዳምጡ፤ ደግሞም እዚያው ‹አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ› ውስጥ የክሮሙን ድምፅ ትራክ 1፣ የማይኩን ትራክ 2 ላይ ብቻ አድርጉ። ‹አውትፑት› ሴቲንግ ውስጥ ‹አድቫንስድ› መርጣችሁ ሁለቱም ትራኮች እንዲቀዱ ምልክት አድርጉ። ተለያይቶ የተቀዳ ድምፅ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ብሉቱዝ

የብሉቱዝ ኢርፎን ሁለት አሠራር አለው። ሙዚቃ ሲያጫውት ጥራት ያለውን ይጠቀማል። ማይኩ ሲከፈት ግን ወደ ጥሪ አሠራር ይዞራል፤ ድምፁ ሞኖ ይሆናል፣ ሳምፕል ሬቱም ወደ 8000 ወይም 16000 ይወርዳል። ኦቢኤስ ማይክ ስለሚከፍት ሳታውቁት ትምህርቱ ሁሉ በጥሪ ጥራት ተቀድቶ ይገኛል። ይህን በኋላ የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ሽቦ ያለው ኢርፎን ተጠቀሙ። ብሉቱዝ ብቻ ካለ ‹ሪከርዲንግ› ገጽ ላይ የብሉቱዙን ማይክ በቀኝ ጠቅ ብላችሁ ‹ዲሴብል› አድርጉ፤ ማይክ ካስፈለገ የላፕቶፑን ምረጡ።

ኮምፒውተሩ ሲያቅተው፣ ኢንተርኔቱ ሲደክም፣ መብራት ሲሄድ

እነዚህን ሦስቱን ሰዎች ያምታታሉ። ኢንተርኔት ሲደክም ቪዲዮው ቆሞ ክብ ነገር ይሽከረከራል፤ ቅጂው ውስጥ የሚገባው ዝምታ ነው። ኮምፒውተር ሲያቅተው ቪዲዮው እየሄደ ድምፁ ይንጣጣል፣ ምስሉም ይዘላል። ስለዚህ ዝምታ ወይስ ንጣጣት የሚለውን ለዩ።

ለኢንተርኔቱ፣ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480 ዝቅ አድርጉ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር መነበብ ካለበት 720። መስመሩ በሚቀልበት ሌሊት ወይም ማለዳ መቅዳት ከቻላችሁ ብዙ መቆራረጥ ይቀንሳል። በተረፈ ማጫወቻውን በ1 ፍጥነት አጫውቱ። ጊዜ ለመቆጠብ 1.5 ላይ አድርጎ መቅዳት ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ዱካ ይተዋል፤ ፍጥነቱን በኋላ ስታዳምጡ ጨምሩ።

ለኮምፒውተሩ፣ ኦቢኤስ ላይ ‹ሴቲንግስ›፣ ‹ቪዲዮ› ውስጥ የሚወጣውን መጠን 1280 በ720፣ ፍሬሙን 30 አድርጉ። ‹አውትፑት› ውስጥ ኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን ክፍል) ከ‹ሶፍትዌር› ወደ ‹ሃርድዌር› ቀይሩ፤ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ‹ክዊክ ሲንክ›፣ በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ‹ኤንቬንክ› ይባላል። የኦዲዮ ቢትሬቱን 192 አድርጉት። ሌሎች የክሮም ታቦችን ዝጉ። ቅጂው በፍላሽ ላይ ሳይሆን በላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ፍላሽ ሲዘገይ ቅጂው አብሮ ይንገዳገዳል። ቻርጀሩን ስኩ፤ በባትሪ ቁጠባ ላይ ያለ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ከዚያ ከላይ ከሜኑው ‹ስታትስ› የሚለውን ክፈቱና የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር እየጨመረ መሆኑን እዩ። እየጨመረ ከሆነ ፍሬሙን 24 ወይም 20 አድርጉ። ለትምህርት ቅጂ 20 ፍሬም ይበቃል፤ ስላይድ አይሮጥም።

መብራት መሄዱ የማይቀር ስለሆነ የቅጂውን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉ። የተለመደው ኤምፒ4 ፋይሉን የሚያነብበትን ማውጫ የሚጽፈው ቅጂው ሲዘጋ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መሀል ላይ ከጠፋ የሁለት ሰዓት ቅጂ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይድናል። በኋላ ኤምፒ4 ካስፈለገ ‹ፋይል› ውስጥ ‹ሪመክስ ሪከርዲንግስ› የሚለው ጥራቱን ሳይነካ በደቂቃ ውስጥ ይቀይረዋል።

በስልክ መቅዳት

አንድሮይድ ከ10ኛው ቨርዥኑ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ለተራ መቅጃ መተግበሪያ የስልኩን የውስጥ ድምፅ አይሰጥም ነበር። አሮጌ ስልክ የሚይዘው በማይኩ የሚሰማውን ነው፤ ዝናቡን፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ፣ ባጃጁን ሁሉ። በአዲሶቹ ላይ መቅጃው ከመጀመሩ በፊት የድምፅ ምንጭ ይጠይቃል፤ ‹የውስጥ ድምፅ› ወይም ‹ሚዲያ› የሚል ትርጉም ያለውን ምረጡ፣ ማይክና ሚዲያ አብረው የተጻፉበትን ተዉ። ማሳወቂያዎችን ዝም አሰኙ። ድምፁ ጨርሶ ካልገባ የምታዩበት መተግበሪያ ስለሚከለክል ነው።

ከመቅዳት በፊት አንድ ሐሳብ። ትምህርቱን ያዘጋጀውን መምህር ወይም ሠርጉን የቀረጸውን ሰው ማግኘት ከተቻለ ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ያስተላልፋል፤ በ‹ፋይል› መልክ ከተላከ አይጨመቅም። የትኛውም ማስተካከያ ከዋናው ፋይል አይበልጥም። ቅጂውን ለሌላ ማሰራጨት ከሆነ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለቤቱን መብት ይጠብቃል።

የተበላሸውን ቅጂ መጠገን

ዳግመኛ መቅዳት የሚቻል ከሆነ ዳግመኛ ቅዱ። ላይቩ ካለፈ ግን ያለው ፋይል ላይ እንሠራለን። የሚያስፈልገው ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። ከሁሉ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ በኮፒው ላይ ሥሩ።

ድምፁን ከቪዲዮው ለማውጣት ቪኤልሲ ይበቃል። ‹ሚዲያ› ውስጥ ‹ኮንቨርት/ሴቭ› ገብታችሁ ፋይሉን ጨምሩ፣ ከዝርዝሩ ‹ኦዲዮ - ፍላክ› የሚለውን ምረጡ፤ ፍላክ ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የድምፅ ፋይል ዓይነት ነው። ኤምፒ3 አትምረጡ፤ የተጎዳን ድምፅ እንደገና መጭመቅ ነው። የሲዲ የሚለውንም ተዉት፤ ሳምፕል ሬቱን ወደ 44100 ይቀይራል።

የሥራው ቅደም ተከተል ዋጋ አለው፦ መጀመሪያ የተቆረጠው፣ ቀጥሎ ጠቅታው፣ ከዚያ ሁካታው፣ በመጨረሻ ቮልዩሙ። ቮልዩሙን መጀመሪያ ከፍ ያደረገ ሰው ብልሽቱንም አብሮ ያጎላዋል።

ለተቆረጠ ድምፅ። ኦዳሲቲ ላይ ‹ቪው› ውስጥ ‹ሾው ክሊፒንግ› አብሩ፤ ጣሪያ የነካው ቦታ በቀይ መስመር ይታያል። መላውን ትራክ ምረጡና ‹ኢፌክት› ውስጥ ‹ክሊፕ ፊክስ› ክፈቱ። መነሻው 95 በመቶ፣ ቅነሳው −9 ዴሲቤል ነው፤ በዚህ ጀምሩ። ቅነሳው የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ የተቆረጠውን አናት ገምቶ ሲሠራ ከፍ የሚልበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ከፊሉን ብቻ መርጣችሁ ብትሠሩ ያ ክፍል ከሌላው በ9 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ መላውን የምንለው ለዚህ ነው። ረጅም ፋይል ላይ ብዙ ይቆያል፤ ተዉት ይሥራ።

ቀይ መስመር ሳይታይ ድምፁ ከሻከረ፣ ድምፁ ከተቆረጠ በኋላ ዝቅ ተደርጎ ተቀድቷል ማለት ነው። ሞገዱን አጉልታችሁ ስታዩ ጠፍጣፋው ከጣሪያው በታች ይገኛል። ክሊፕ ፊክስ በዚያም ላይ ይሠራል። ኤኤሲ ወይም ኤምፒ3 ሆኖ የተጨመቀ ከሆነ ጠፍጣፋው ስለሚወዛወዝ መነሻውን ወደ 90፣ ካልበቃም 85 አውርዱ። ከዚያ በታች ደህናውንም መንካት ይጀምራል። ጠፍጣፋው ረጅም ከሆነ ግምቱ አይሳካም፤ ያኔ የቀረው ‹ፊልተር ከርቭ› በሚለው ኢኳላይዘር ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ያለውን በ3 እስከ 6 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው። ሽክርታውን ያለሰልሰዋል፣ ንግግሩም ለጆሮ ይቀላል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ለጠቅታ። ጥቂት ከሆነ አንድ በአንድ አጉልታችሁ ጠቅታውን ብቻ ምረጡና ‹ሪፔር› በሉት። ይህ ኢፌክት የሚቀበለው እስከ 128 ሳምፕል ብቻ ነው፤ በ48000 ላይ ከ3 ሚሊሰከንድ ያነሰ። ብዙ ከሆነ ‹ክሊክ ሪሙቫል›ን መነሻውን 200፣ የጠቅታውን ስፋት 20 አድርጋችሁ ሞክሩ።

ለጎረነነ ወይም ለቀጠነ ድምፅ። የድምፁን ርዝመት ከቪዲዮው ጋር አነጻጽሩ። በ48000 ተቀድቶ 44100 ተብሎ የተመዘገበ የአንድ ሰዓት ድምፅ 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱ እንዲህ ከሆነ ኢፌክት አያስፈልግም፤ የትራኩን ስም ስትጫኑ ከሚመጣው ሜኑ ‹ሬት› ውስጥ 48000 ምረጡ። በአንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ ጥራቱም አይነካም።

ለእምም ባይ ድምፅ። ይህ የሚመጣው በማይክ ወይም በድምፅ ገመድ ሲቀዳ ነው፤ በውስጥ የተቀዳ ላይ አይገባም። የኤሌክትሪካችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ ‹ኖች ፊልተር› ውስጥ 50 ጻፉ። እዚያ 60 ተጽፎ ብታገኙ የአሜሪካ መስመር ነው። ‹ኪው› የሚለውን 10 አካባቢ አድርጉ፤ ከዚያ በ100 እና በ150 ድገሙት። ለቀጣዩ ቅጂ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ፤ እምታው ከጠፋ ምንጩ ቻርጀሩ ነው።

ለዝናብና ለአየር ሁካታ። ማንም የማይናገርበትን 1 ወይም 2 ሰከንድ ምረጡ፣ ‹ኖይዝ ሪዳክሽን› ውስጥ ‹ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል› በሉ። ከዚያ መላውን መርጣችሁ 6 ዴሲቤል ላይ ጀምሩ። ከ12 ስታልፉ ንግግሩ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። የቆርቆሮ ዝናብ አንድ ወጥ ስላልሆነ ጨርሶ አይወጣም፤ ከመጠን በላይ ከመፋቅ ትንሽ ዝናብ መተው ይሻላል።

ሁለቴ የተቀዳውን የሮቦት ድምፅ ለመለየት አትድከሙ፤ በተለየ ትራክ ካልተቀዳ አይላቀቅም። ግራና ቀኙን ለየብቻ አዳምጡ ብቻ፤ አንዱ ደህና ከሆነ ትራኩን ከፍላችሁ ሌላውን ሰርዙ።

በመጨረሻ ‹ላውድነስ ኖርማላይዜሽን› −16 LUFS (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ላይ አድርጉ፣ ቀጥሎም ‹ሊሚተር› −1 ዴሲቤል። ፋይሉን በ48000 ፍላክ አድርጋችሁ አውጡ።

ድምፁን ወደ ቪዲዮው መመለስ

ኤምኬቪ ቱልኒክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን ሳይነካ ድምፁን ይቀይራል። ዋናውን ቪዲዮና አዲሱን ድምፅ ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ጎትቱ፣ ከዝርዝሩ የአሮጌውን ድምፅ ምልክት አንሱ፣ ‹ስታርት መልቲፕሌክሲንግ› ጫኑ። ከደቂቃ በላይ አይወስድም።

አሁን መጀመሪያውንና መጨረሻውን አዳምጡ። ድምፁ በሁለቱም ቦታ እኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ፣ እዚያው ፕሮግራም ላይ ድምፁን መርጣችሁ በ‹ዲሌይ› ቦታ በሚሊሰከንድ ጻፉ፤ የሚዘገይ ከሆነ የመቀነስ ምልክት ይኑረው። ቁጥሩን ለማወቅ ቪኤልሲ ላይ ‹ጄ› እና ‹ኬ› የሚባሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጫኑ፤ እያንዳንዱ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳል።

ልዩነቱ እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ፣ በተለይ በስልክ የተቀዳ ላይ፣ የፍሬሙ ቁጥር ወጥ አይደለም። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን ‹ኮንስታንት ፍሬምሬት› 30 አድርጋችሁ አውጡትና ድምፁን እንደገና አገናኙ። ከዚህም በኋላ የሚቀር ካለ እዚያው ኤምኬቪ ቱልኒክስ ላይ ድምፁን ሳይሆን ምስሉን ስትመርጡ የሚገኘው ‹ስትሬች ባይ› የሚለው ቦታ ይረዳል። ለምሳሌ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ድምፁ 2 ሰከንድ ከዘገየ 3602/3600 ብላችሁ ጻፉ።

በቴሌቪዥን ወይም በስልክ የሚታይ ከሆነ ፍላክ ያለበት ኤምኬቪ በብዙ መሣሪያ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ሃንድብሬክ ላይ ኤምፒ4፣ ድምፁን ኤኤሲ 192 አድርጋችሁ አንድ ቅጂ አውጡ። ያንን በፍላሽ ወስዳችሁ በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ፣ ጮክ ያለውንም ዝግ ያለውንም ቦታ መርጣችሁ አዳምጡት፤ የመጀመሪያውን ፋይል ከዚያ በፊት አትሰርዙ።